ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፦ የገበሬውን የድካም ዋጋ ያሰሉ የነጋዴዎች አለቃ

የአቃቂ ሰው ከባቡር ጋር የተዋወቀው ከብዙው የሀገራችን ሕዝብ ቀድሞ ነው። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1907 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው አቃቂ ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላም በ1909 ዓ.ም. ዋና ከተማዋ ገባ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ባቡሩ ወደ ጂቡቲ ሲወርድ ቡናና ቆዳ፣ ሲመለስ ደግሞ አቡጀዴ፣ የብረት ዕቃና ሌላም የፋብሪካ ምርት እየጫነ በዚህ አካባቢ ማሳዎች መካከል ሲያልፍ ኖሯል።

ብዙ ሰው የባቡሩን ጭስና ፉጨት እንደ ተአምር ሲያይ፣ ባቡሩ ይዞ የሚሄደውንና ይዞ የሚመጣውን እያነጻጸሩ የሀገራቸውን ትርፍና ኪሳራ ያሰሉ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እኚህ ሰው በዚሁ የባቡር መሥመር ተቆጣጣሪነት፣ በኋላም በድሬዳዋ ነጋድራስነት የሠሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በዚህ ዓለም የቆዩት 33 ዓመት ብቻ ነው። ይሁንና ገበሬው ይህን ያህል እየደከመ ስለምን ድሃ ሆኖ ይኖራል የሚለውን ጥያቄ በአማርኛ ቋንቋ፣ በሥርዓትና በስሌት ካነሡት ሰዎች መካከል ከፊተኞቹ ተርታ የሚቆሙ ናቸው። ምርቱን በጋራ ለመሸጥ ለተደራጀ ገበሬ የሕይወታቸው ታሪክ ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለ።

በክፉ ቀን ዋዜማ

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የተወለዱት በሐምሌ ወር 1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ ከዓድዋ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ማይ ምሻም በተባለች ሥፍራ ነው። አባታቸው ባይከዳኝ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደር ነበሩ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከመሐዲስቶች ጋር መተማ ላይ ገጥመው ሲወድቁ፣ የገብረ ሕይወት አባትም በዚያው ጦርነት ሞቱ። ሕፃኑ ያን ጊዜ ገና 3 ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

የአባት ሞት ብቻ አልነበረም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ዘመን በሀገራችን ታሪክ ክፉ ቀን እየተባለ የሚጠራው ነው። በምፅዋ በኩል ከውጭ ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው ደስታ የተባለው የቀንድ ከብት በሽታ ከሰሜን ጀምሮ ሀገሩን አዳረሰ። ከ10 ከብት 9ኙ ያህል እንዳለቀ የዘመኑ ሰዎች መስክረዋል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አይችልም፤ ካላረሰ አይዘራም፤ ካልዘራ አያጭድም። በዚያ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። የተረፈው ሰው በዶማ ለመቆፈር ተገደደ፤ አጤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ ማሳየታቸው ይነገራል። ይህ የከብት በሽታ ከመላው ዓለም መጥፋቱ የታወጀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2003 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ገብረ ሕይወት ነፍስ ያወቁት አባት በሌለበት ቤትና በሬ ባለቀበት ሀገር ነው። ጦርነት የገበሬን ሀብት እንዴት እንደሚበላና አንድ ዓመት ያልታረሰ መሬት ስንት ቤት እንደሚዘጋ ከመጽሐፍ ከመማራቸው በፊት በኑሮ ያዩት ነገር ነበር። በኋላ በጻፏቸው ሥራዎች ውስጥ ጦርነትንና የወታደር መሪነትን አጥብቀው የነቀፉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከምፅዋ እስከ በርሊን

በዚያ ዘመን ከትግራይ ብዙ ሰው እህል ፍለጋ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርድ ነበር። ሕፃኑ ገብረ ሕይወትም በምፅዋ አጠገብ ምንኩሉ በሚባለው ሥፍራ ከነበረው የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ፊደል የቆጠሩትም እዚያ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ተረት ይመስላል። እንደሚነገረው፣ አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር ምፅዋ ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ለማየት ወጡ። መርከቡ መልሕቁን ነቅሎ ሲሄድ ልጁ ከውስጡ ነበሩ። የመርከቡ አዛዥም አውሮፓ በደረሰ ጊዜ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጣቸው፤ ቤተሰቡም እንደ ልጅ አድርጎ አሳደጋቸው። አባት ያጡት ልጅ በባዕድ ሀገር ቤትና ወላጅ አገኙ። የጀርመንኛን ቋንቋ አጠናቀቁ፤ ትምህርታቸውንም ገፍተው በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ።

አውሮፓ በዚያ ጊዜ ባቡር፣ ፋብሪካ፣ ባንክና ትምህርት ቤት በብዛት የሚሠራበት አህጉር ነበር። ገብረ ሕይወት ያዩት ግን ሕንጻውንና መኪናውን ብቻ አልነበረም። አንድ ሠራተኛ በመኪና ታግዞ በአንድ ቀን የሚያመርተውን፣ በሀገራቸው ያለ ሰው በእጁ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት እያነጻጸሩ ይመለከቱ እንደነበር በኋላ ከጻፉት መጽሐፍ መረዳት ይቻላል።

በተመቻቸ ቤት ያደገና በሕክምና የተማረ ሰው እዚያው ቀርቶ በሰላም መኖር ይችል ነበር። እሳቸው ግን ሀገራቸውን መረጡ።

ወደ ሀገር መመለስ

ገብረ ሕይወት ሲመለሱ በቅድሚያ የገጠማቸው የቋንቋ ችግር ነበር። በልጅነት ወጥተው በጀርመንኛ ያደጉ በመሆናቸው አማርኛንና ግዕዝን እንደገና ተቀምጠው ተማሩ። በኋላ እንደ ኢኮኖሚ ያለ ከባድ ትምህርት ማንኛውም ማንበብ የሚችል ሰው ሊገባው በሚችል አማርኛ የጻፉ ሰው፣ ቋንቋውን ያገኙት በጥረት ነው። በዘመኑ ስለ ሀብት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ንግድ የሚጻፍበት የተለመደ ቃል አልነበረም። እሳቸው ግን ገበያተኛው ከሚያውቃቸው ቃላት እየመረጡ ሐሳባቸውን አስረዱ።

በቤተ መንግሥትም ለአጤ ምኒልክ በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ነገር ግን በ1901 እና በ1902 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ሲጠና ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ ተያዘ። ከውጭ ሰዎች ጋር የሠራ ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። ገብረ ሕይወትም ከሀገር ወጥተው በሱዳን በስደት ቆዩ። ከሥልጣንና ከደመወዝ ርቀው፣ ጤናቸውም ታውኮ በነበረበት በዚህ ጊዜ ያልተለያቸው ነገር ብዕር ነበር።

የመጀመሪያው ጽሑፍ

«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው በ1904 ዓ.ም. አሥመራ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት በተዘጋጀው «ብርሃን ይሁን» በተሰኘ መድበል ውስጥ ታትሞ ወጣ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ደፍሮ የሚናገረው ያልነበረውን ነገር በግልጽ አስፍሯል።

ገብረ ሕይወት የዓድዋን ድል ያከብራሉ። ሆኖም ነጻነት በጦር ሜዳ ብቻ ተጠብቆ እንደማይኖር ያስጠነቅቃሉ። ጎረቤት የሆኑት ኃያላን መንግሥታት በዕውቀት እየበለጸጉ ኢትዮጵያ ግን በነበረችበት ከቆየች፣ ያልተሸነፈችበትን ጦርነት በገበያ ልትሸነፍ ትችላለች የሚል ስጋት ነበራቸው። ለምሳሌም ጃፓንን ያነሣሉ። ጃፓን ከአውሮፓ ዕውቀትን ቀስማ፣ ትምህርት ቤት ከፍታ፣ አስተዳደሯን አሻሽላ በአጭር ጊዜ የተከበረች ሀገር መሆኗን እያሳዩ የሀገራቸው ነገሥታትም ይህንኑ እንዲከተሉ ይመክራሉ።

ካቀረቧቸው ማሻሻያዎች መካከል ገበሬውን በቀጥታ የሚነኩት ጥቂት አይደሉም። ግብር ሥርዓት ይዞ እንዲተመን፣ የመንግሥት ገንዘብ ከቤተ መንግሥቱ ሀብት ተለይቶ እንዲያዝ፣ ሹማምንት ደመወዝ እንዲቆረጥላቸው፣ ሕግ ተጽፎ እንዲታወቅ፣ የሀገሪቱ ገንዘብ አንድ ወጥ እንዲሆን፣ የጉምሩክ አሠራር እንዲስተካከልና ትምህርት እንዲስፋፋ ጠይቀዋል።

የዚህ ምክር ትርጉም የሚገባው የዚያን ዘመን ገባር ኑሮ ለሚያስታውስ ሰው ነው። ገባሩ በዓመቱ መጨረሻ ምን ያህል እንደሚወሰድበት አስቀድሞ አያውቅም ነበር። ከግብሩ ሌላ ወታደር ይሰፈርበታል፤ መስተንግዶ ይጠየቃል፤ ለባለ ጉልቱ ጉልበቱን ይገብራል። በዚህ ሁኔታ አንድ ገበሬ ተጨማሪ ጥማድ ቢያርስ ትርፉ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ለቤቱ ከሚበቃው በላይ ለማምረት የሚያተጋው ነገር አልነበረም። ገብረ ሕይወት ይህን ነገር የገበሬው ስንፍና አድርገው አላዩትም። ሰው የድካሙን ፍሬ እንደሚያገኝ ካወቀ ይሠራል፤ ካላወቀ ይተዋል። ችግሩ ከሰውየው ሳይሆን ከሥርዓቱ ነው የሚል እምነት ነበራቸው።

ነጋድራስነት ምን ነበር?

ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ነጋዴና ራስ ከሚሉት ቃላት የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። በጥንቱ ዘመን ሲራራ ነጋዴዎች በቅሎና አህያ ጭነው፣ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ዝባድና ጨርቅ ይዘው ረጅም መንገድ ሲጓዙ፣ ከመካከላቸው የታመነውንና መንገድ የሚያውቀውን ሰው አለቃ ያደርጉት ነበር። ከሽፍታ የሚጠብቃቸው፣ በየኬላው ስለ ቀረጥ የሚከራከርላቸው፣ ሲጣሉ የሚዳኛቸው እሱ ነው። በኋላ መንግሥት ቀረጥ ሰብሳቢዎቹን በዚሁ ስም መሾም ጀመረ፤ ነጋድራሱም የገበያ ዳኛና የጉምሩክ ሹም ሆነ።

በዚያ ዘመን ንግድ ቀላል ሥራ አልነበረም። ዕቃ ጭኖ ከመሐል ሀገር ወደ ባሕር ዳርቻ መድረስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። በየወንዙ መሻገሪያና በየተራራው በር ኬላ አለ፤ በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል። የእህሉ መለኪያ ቁናና ዳውላ ከገበያ ገበያ ይለያያል። ገንዘቡም የሀገር አልነበረም። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር ሲሆን፣ ዋጋው በዓለም ገበያ ላይ ባለው የብር ማዕድን ዋጋ ይወጣል፤ ይወርዳል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም የገጠሩ ገበያ ጠገራውንና አሞሌውን አልተወም ነበር።

ገብረ ሕይወት ከስደት ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያ የአዲስ አበባ - ጂቡቲ የባቡር መሥመር ተቆጣጣሪ፣ ከዚያም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት በኋላ ነው። ከባሕር የሚመጣውና ወደ ባሕር የሚወርደው ሸቀጥ በዚያች ከተማ ያልፋል፤ ይቆጠራል፤ ይቀረጣል። በዚህ ሥፍራ የተቀመጠ ሰው የሀገሪቱን ንግድ እንደ መስታወት ማየት ይችላል። ከበርሊን የመጣው ዕውቀትና ከጉምሩክ መጋዘን የተገኘው ልምድ በአንድ ሰው ላይ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

የድካም ሚዛን

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘው ዋናው መጽሐፋቸው ስለ ሀብት ምንጭ ያስተምራል። የሀብት መነሻ ሥራ ነው ይላሉ። መሬትም ሆነ ከብት፣ ወርቅም ሆነ ብር ያለ ሰው ድካም ዋጋ የላቸውም። ሰው ከሚበላው በላይ ሲያመርትና ከዚያም ላይ ሲያስቀር ነው ሀብት የሚጠራቀመው። ያ የተጠራቀመው ደግሞ መሣሪያ ይገዛል፤ መሣሪያው ድካም ያቃልላል፤ የቀለለው ድካም ሌላ ሀብት ያመጣል። ጦርነትና ዝርፊያ የሚጎዱት የሞተውን ሰው ብቻ ሳይሆን ይህን የተጠራቀመ ሀብት ስለሚበሉ ነው። አንዱ ሲያጠራቅም ሌላው የሚዘርፍ ከሆነ ሀገር ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

የመጽሐፉ ዋና ቁም ነገር ግን ስለ ልውውጥ የጻፉት ነው። ሁለት ሰዎች ዕቃ ሲለዋወጡ የሚለዋወጡት ድካማቸውን ነው። አንደኛው ዕውቀትና መሣሪያ ያለው፣ ሌላኛው ግን በባዶ እጁ የሚሠራ ከሆነ፣ ባለ ዕውቀቱ የጥቂት ሰዓት ድካሙን ሰጥቶ የሌላውን የብዙ ቀን ድካም ይወስዳል። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የፋብሪካ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ በየዓመቱ በዚህ ልውውጥ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ አይታወቀውም።

ይህን ሐሳብ በአቃቂ አካባቢ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ዋልካውን አራት አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያርሳል፤ ይዘራል፤ ያርማል፤ ያጭዳል፤ ይከምራል፤ ይወቃል። ሽንብራውን ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ በቀሪው የመሬት እርጥበት ላይ ይዘራል። የወራት ድካሙን በኩንታል ሸጦ ሲመለስ የሚገዛው ቆርቆሮ፣ ሳሙና ወይም ጨርቅ በፋብሪካ መኪና ላይ የፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው። ስንዴውም ዱቄትና ፓስታ ሆኖ፣ ሽንብራውም ተፈጭቶና ታሽጎ ሲመለስለት የሚከፍለው ዋጋ ሲሸጥ ከተቀበለው ጋር አይመጣጠንም። በመካከል ያለውን ልዩነት የሚወስደው የሚያዘጋጀው፣ የሚያከማቸውና ገበያውን የሚያውቀው ነው።

ገብረ ሕይወት ከዚህ ጋር አያይዘው የእጅ ባለሙያውን ነገር አንሥተዋል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በሀገራችን ይናቁ ነበር። ከውጭ የሚገባው ርካሽ ጨርቅና የብረት ዕቃ ደግሞ የእነዚህን ሰዎች ገበያ ይዘጋል። በራሷ ልጆች የእጅ ሥራ የምታፍር ሀገር የሌላውን ሥራ በውድ እየገዛች ትኖራለች። እርሻ ብቻውን አንድን ሀገር አያበለጽግም፤ እርሻና የእጅ ጥበብ ተደጋግፈው ሲሄዱ ነው ገበሬው ምርቱን የሚሸጥለት የቅርብ ገበያ የሚያገኘው።

ባቡሩ የሚጭነው

ገብረ ሕይወት የባቡር ሰው ሆነው ሳለ ስለ ባቡር የጻፉት ብዙዎችን ያስገርማል። መንገድና ባቡር የዕድገት ምልክት ናቸው ብለው ዝም አላሉም። ሕዝቡ ዕውቀት ሳይኖረው ባቡር ብቻ ቢመጣ፣ ባቡሩ የሚያገለግለው ጥሬ ዕቃውን በፍጥነት ለማውጣትና የውጭውን ዕቃ በርካሽ ለማስገባት ነው። ትርፉም የሚሄደው ወደ ባለ ዕውቀቱ ነው። ስለዚህ ከሐዲዱ ጋር ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር የሀገር ውስጥ ሥራ መስፋፋት አለበት።

የጉምሩኩ ነገርም ያሳስባቸው ነበር። ኢትዮጵያ በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ባደረገችው ውል መሠረት ከውጭ በሚገባው በአብዛኛው ሸቀጥ ላይ የምታስከፍለው ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ይህ ማለት የሀገር ውስጡን ሸማኔና ባለሙያ ለመደገፍ መንግሥት ቀረጡን እንደ ፈለገ ከፍ ማድረግ አይችልም ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን የራሱ የሀገሩ ነጋዴ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እህል ሲያዘዋውር በየኬላው ይቀረጣል። የውጭው ሸቀጥ አንድ ጊዜ ተቀርጦ ሲገባ፣ የገበሬው እህል በገዛ ሀገሩ ደጋግሞ ይቀረጥ ነበር። የነጋድራሱ ጭንቀት የሚገባው ለዚህ ነው።

እሳቸው ይህን ከጻፉ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በላቲን አሜሪካና በሌሎች አህጉራት ያሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የጥሬ ዕቃ ሻጭ ሀገሮች በዓለም ንግድ እንደሚጎዱ በስፋት አስተማሩ። አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ስሙ የታወቀበትን ጽሑፍ ያወጣው በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ገብረ ሕይወት ከዚያ ከ30 ዓመት በፊት ተመሳሳይ ጥያቄ ማንሣታቸውን ያጠኑ ምሁራን በአድናቆት ጽፈዋል።

ዕረፍታቸውና የቀረው ሥራ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በሰኔ ወር 1911 ዓ.ም. አረፉ። 33ኛ ዓመታቸውን ለመድፈን አንድ ወር ያህል ቀርቷቸው ነበር። ዛሬ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ገና ትዳር መሥርቶ፣ ማሳ ተረክቦ፣ ሥራ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። እሳቸው ግን በዚያች አጭር ዕድሜ ወላጅ አጥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ተምረው፣ ተሰድደው፣ ተሹመውና ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ጽፈው አለፉ።

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ታትሞ የወጣው እሳቸው ካረፉ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ደራሲው የመጽሐፋቸውን መልክ አላዩም። ከመንግሥት ሰዎችና ከጥቂት ፊደል ከቆጠሩ ዜጎች በቀር በጊዜው ያነበበው ሰው ብዙ አልነበረም። ስለ እሱ የተጻፈለት ገበሬ ማንበብ አይችልም ነበርና። ቆይቶ ግን መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ1987 ዓ.ም. ለንደን ታተመ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሥራዎቻቸው እንደገና ታትመው ለአዲሱ ትውልድ ደረሱ።

ካሰቡት ነገር አንዳንዱ ከጊዜ በኋላ ተፈጽሟል። ሀገሪቱ የራሷ ብሔራዊ ባንክና ገንዘብ ኖራት። የየመንገዱ ኬላ ቀረ። የገባርነት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ተሻረ። እሳቸው ከሞቱ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ አቃቂ ላይ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ፤ ከውጭ ይገባ የነበረው ጨርቅ በዚሁ ሐዲድ ዳር በሀገር ልጅ እጅ መሠራት ጀመረ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የኢትዮጵያ - ጂቡቲ ባቡር ተመረቀ። ባቡሩ ምን ይዞ ይሄዳል፣ ምንስ ይዞ ይመለሳል የሚለው የነጋድራሱ ጥያቄ ግን አልተሻረም።

ለኅብረት ሥራ አባላት የሚተርፈው

ገብረ ሕይወት መድኃኒቱን የጠበቁት በአብዛኛው ከላይ ነበር። አዋቂ መሪ ይነሣል፣ ሕግ ይወጣል፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ከዚያም ሀገር ይለማል የሚል ተስፋ ነበራቸው። በዘመናቸው ገበሬው ራሱ ተሰብስቦ፣ አመራሩን በድምፁ መርጦ፣ ምርቱን በአንድ ሚዛን ለክቶ በአንድ ድምፅ ዋጋ የሚደራደርበት ድርጅት በአካባቢያቸው አላዩም። ስለዚህ የጎደለውን ነገር በሚገባ ቢያሳዩም የጎደለው ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚሞላ አልጻፉም። ይህ የቀረ ሥራ ነው፤ የቀረውም ለኋለኛው ትውልድ ነው።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147፣ በኋላም በ2009 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 985 ለዚህ ሥራ የሕግ መሠረት ሆነዋል። መሠረታዊ ማኅበራት ተጣምረው ዩኒየን ሲያቋቁሙ ዓላማው ግልጽ ነው። አንድ ገበሬ በአዝመራ ወቅት፣ ገበያው በሞላበት ቀን፣ ብቻውን ከደላላ ፊት ሲቆም ዋጋ የሚቆርጠው ደላላው ነው። ብዙ ገበሬ በአንድ መጋዘን አከማችቶ፣ ምርቱን አበጥሮና ደረጃ አውጥቶ፣ ዋጋ ሲሻል ሲሸጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስንዴውን ራሱ አስፈጭቶ በዱቄት፣ ሽንብራውን ክኮና አሽጎ ሲሸጥ ደግሞ ከሌላ ሰው እጅ ይገባ የነበረው ትርፍ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ መደራጀት ብቻ አይበቃም። ሚዛኑ የተበላሸ ማኅበር ከደላላ አይሻልም። ሒሳቡን በወቅቱ የማያስመረምር፣ የትርፍ ክፍፍሉን ለአባላቱ የማያሳውቅ፣ ጠቅላላ ጉባኤውን የማይጠራ ማኅበር አባሉን በዘመነ ገባር እንደነበረው ሰው ያደርገዋል፤ ምን እንደሚቀርለት የማያውቅ አባል ምርቱን ወደ ማኅበሩ አያመጣም። ገብረ ሕይወት ከመቶ ዓመት በፊት ስለ ግብር ያሉት በዛሬ መጋዘንና መዝገብ ላይም ይሠራል። ሰው የድካሙን ፍሬ እንደሚያገኝ ሲያምን ነው የሚተጋው።

የአካባቢው አስተዳደርና የግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። ከተማው እየሰፋ፣ የእርሻው መሬት እየጠበበ በሚሄድበት እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባለ ሥፍራ፣ ገበሬው ከአንድ ጥማድ የሚያገኘው ገቢ ካላደገ ልጁ እርሻውን ይዞ አይቀጥልም። ገቢው የሚያድገው በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ብቻ ሳይሆን በዕውቀትና በገበያም ጭምር ነው። የምርት ዋጋ በወቅቱ ለገበሬው እንዲደርስ ማድረግ፣ ሚዛን መቆጣጠር፣ የሒሳብ ባለሙያ ማሠልጠን፣ ለማቀነባበሪያ የሚሆን ቦታና መብራት ማመቻቸት ዘር ከማቅረብ የማይተናነስ የልማት ሥራ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት አባታቸውን ጦርነት፣ ልጅነታቸውን ረሃብ የወሰደባቸው ሰው ነበሩ። በሰው ሀገር ሞልቶ የተረፈውን ኑሮ ትተው ተመልሰው፣ በጉምሩክ መጋዘን መካከል ቆመው ስለ ገበሬው ድካም አሰቡ። የነጋዴዎች አለቃ ቢሆኑም ያሳሰባቸው የነጋዴው ትርፍ ብቻ አልነበረም፤ ዕቃውን በላቡ ያመረተው ሰው ምን ቀረለት የሚለው ነበር። የኅብረት ሥራ አባላት ምርታቸውን ወደ ሚዛን ባወጡ ቁጥር ይህንኑ ጥያቄ እየጠየቁ፣ መልሱንም በመዝገባቸው ላይ እያዩ ቢሄዱ የእኚህን ሰው ስም በተግባር አስታወሱት ማለት ነው።